የልብስ ሰፊው እጅ

ፕሮፌሰሩ የኤሌክትሪክ ምህንድስና መምህር ነው። የሰው እጅ ሲንቀጠቀጥ ጡንቻው የሚሰጠውን ምልክት በኮምፒውተር እየለየ፣ ሕመሙን ገና ሲጀምር ለማወቅ ያጠናል። ልብስ ሰፊ የነበረው ታላቅ ወንድሙም እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ መቀሱን ካስቀመጠ ወዲህ፣ በየሳምንቱ ቤተ ሙከራው እየመጣ እጁ ላይ ሽቦ ያስለጥፋል።

ሐኪም መድኃኒት ካዘዘለት በኋላ ግን አንድ ቀን እጁ እምብዛም አልተንቀጠቀጠም። ፕሮፌሰሩ ስክሪኑን አይቶ፣ "ዛሬስ ምንም የለም" ብሎ ፊቱን አጠቆረ። ከዚያ ወዲያ ምልክቱ ተመልሶ ጉልህ ሆነ፤ ለምን ብሎ ሳይጠይቅ ደስ አለው።

ደስታው የቆየው የወንድሙ ሚስት እስክትደውልለት ነው።

"ወደ አንተ በሚመጣበት ቀን መድኃኒቱን አይውጥም" አለችው። "ዛሬ ሸሚዙን የቆለፍኩለት እኔ ነኝ።"

በማግስቱ ወንድሙ ቤት ሄዶ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

"ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። መድኃኒትህን ሳትውጥ የቀዳነውን ሁሉ ከጥናቱ አውጥቼዋለሁ።"

"አወጣኸው?" አለ ወንድሙ ቅር ብሎት። "ታዲያ ያን ሁሉ ሾርባ ደረቴ ላይ ያፈሰስኩት ለምን መሰለህ?"

"እንድትታመም አልፈልግም፣ ጋሼ።"

"መታመሙንስ ታምሜያለሁ። ያቃተኝ ሥራ ፈትቶ መታመም ነው።"

አሁን ወንድሙ መድኃኒቱን ውጦ ይመጣል፤ ፕሮፌሰሩም የተገኘውን ደካማ ምልክት ይቀዳል። ሽቦውን ሲለጥፍ ግን ዛሬም ቀና ብሎ ወንድሙን ማየት ይከብደዋል።