ሮኬቷን አምና የመለሰችው ሬዲዮ

በልጄ ላይ የተሠራው በደል አጭር ነው። አዲሱ ስልክ ሳይመጣ አሮጌውን ሬዲዮ ተቀበሏት። አዲሱ ስልክ የሚሠራው ደግሞ ገና መሬት ላይ በነበረች ሳተላይት ነው። ይህን የጻፈ መዝገብ ስላላገኘሁ እኔ እጽፈዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ለዚህ ይበቃኛል።

ልጄ የወታደር ልጅ ናት። ነገሌ ካምፑ አጠገብ ወለድኳት፤ አባቷ ሠራዊቱ በተበተነ ጊዜ ከሰሜን ሳይመለስ ቀረ፤ ብቻዬን አሳደግኳት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆና ወደ ሜጋ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ኔትወርክ በማይደርስበት ቆላ ተመደበች። እዚያው አግብታ ወለደች። ትልቋን ልጇን ለትምህርት ብላ እኔ ዘንድ ነገሌ ላከቻት።

ጤና ኬላዋ ውስጥ በመኪና ባትሪ የሚሠራ የመገናኛ ሬዲዮ ነበር። ምጥ የጠናባት ሴት ስትመጣ አምቡላንስ የምትጠራው በእሱ ነው። ከሚናገረው የሚያንኮሻኩሸው ይበልጣል ትለኝ ነበር፤ ግን መልስ ይሰጣል።

አንድ ቀን የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ስብሰባ ጠራቸው። አንድ የውጭ ኩባንያ ሳተላይት ሊያመጥቅ ነው፣ ከዚያ በኋላ ኔትወርክ የሌለው ኬላ ሁሉ በቀጥታ ከሰማይ የሚያገናኝ ስልክ ያገኛል ተባለ። ስልኩን የሚፈልግ ግን አስቀድሞ ሬዲዮውን ለንብረት ክፍል ይመልስ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት አሮጌው ገቢ ሳይሆን አዲሱ ወጪ አይደረግም።

ልጄ በገበያ ቀን ኔትወርክ ካለበት ወጥታ ደወለችልኝ።

«እማ፣ ሬዲዮውን ትንሽ ላቆየው መሰለኝ። መጀመሪያ ስልኩን ልየው።»

«የመንግሥት ዕቃ ነው። መልሺ ከተባልሽ መልሺ። ደረሰኝ አስቆርጪ፣ ነገ ሰረቀች እንዳይሉሽ።»

«አንቺ ዳኛ መሆን ነበረብሽ።»

«ዳኛ ብሆን መጀመሪያ የማስረው አንቺን ነው።»

ሳቀች። በማግስቱ ሬዲዮውን በነጠላ ጠቅልላ፣ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በአይሱዙ ጋቢና ወሰደችው።

ሮኬቷ የምትነሣው በዚያው ሳምንት ነበር። የልጅ ልጄ ስልኬ ላይ ታሳየኛለች፤ ረዥም ነጭ ነገር ባሕር ዳር ቆሟል፣ ከሥሩ ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል። ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀረው ቆመ።

«ምን ሆነ?»

«ላይ ያለው ነፋስ በርትቷል ይላሉ።»

«ነገሌስ ነፋስ መች ጠፍቶ ያውቃል? ሥራ ያቆመ ሰው አላየሁም።»

«አያቴ፣ አንቺ አብራሪ አይደለሽም።»

ሁለተኛው ቀጠሮ ሲደርስ ነዳጅ የሚያልፍበት ቧንቧ አፈሰሰ። እንደታመመች ላም አጋድመው ወደ መጋዘኗ መለሷት፤ ለጥገና ብዙ ሳምንታት ቆየች። በሦስተኛው አንድ ጀልባ ከተከለከለው ባሕር ገብቷል ብለው ቆጠራውን አቆሙ። በዚያ ቀን አልተናደድኩም። ሮኬቷ ብትወድቅ ጀልባው ላይ ያለው ሰው ይሞታል፤ ለማያውቁት ሰው ብለው ያን የሚያህል ነገር ማቆማቸው ተገቢ ነው አልኩ። ዛሬም ተገቢ ነው እላለሁ።

በየገበያ ቀኑ ለልጄ የምነግራት ይህንኑ ነበር። እሷም ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ናት።

«ዛሬም አልተነሣችም?»

«አልተነሣችም።»

«እንግዲህ እሽቅድምድም ገብተናል። እኔ ሳልቀድማት አልቀርም።»

ስምንተኛ ወሯ ላይ ነበረች። አንድ ጠዋት ኬላው ውስጥ ካርድ ስትጽፍ ደም ፈሰሳት። ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች። ባሏ በሞተር ሳይክል ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ ሄደ፤ መንገዱ አሸዋ ነው፣ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ኮረብታው ላይ ሲደርስ እኩለ ቀን ሆኗል። አምቡላንሱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ። እሷም በሆዷ ያለውም አልፈዋል። የሌላውን ሰው ልጅ ስታዋልድበት በኖረችበት አልጋ ላይ ነበረች።

ሮኬቷ የተነሣችው ከአርባዋ በኋላ ነው። የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ስልኩን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ዛሬ ነው። ልዝጋው?»

«አትዝጊው። ነይ ተቀመጪ።»

ቆጠራው የትም ሳይቆም አለቀ። ከሥሯ እሳት ወጣ፤ ለአፍታ ያለችበት የቀረች መሰለኝ፤ ከዚያ ቀስ ብላ ተነሣች። ከፍ ባለች ቁጥር አነሰች፣ በመጨረሻ ነጥብ ሆነች። እዚያ ያሉት ሰዎች ተቃቀፉ፤ አንዲቱ ሴት ታለቅስ ነበር። የልጅ ልጄ ሳተላይቷ ከሮኬቷ ተለይታ ቦታዋን ያዘች እስኪባል ጠብቃ ስልኩን በግንባሩ ደፋችው።

በሳምንቱ ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ተሳፈርኩ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወጣት ነው፤ ብድግ ብሎ ወንበር ሰጠኝ።

«እማማ፣ ልጅዎ መመሪያ ነው ያከበረችው። ጥፋት የለባትም።»

«እሷን አልከሰስኩም። ሬዲዮው ስልኩ ሳይመጣ ለምን ተወሰደ?»

«መመሪያው ለሁሉም ነው። በልጅዎ ላይ የተለየ ነገር አልተደረገም።»

«ለሁሉም ከሆነ የሁሉንም አሳዩኝ።»

ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ላከኝ። ግምጃ ቤቱን የሚጠብቁት ሽማግሌ የአገሩ ሰው ናቸው። «ናጋ፣ አዴ» ብለው፣ ሰላም እመት እንደማለት፣ ተቀበሉኝ። የመጣሁበትን ስነግራቸው መደርደሪያውን በእጃቸው አሳዩኝ። አንድ ሬዲዮ ብቻ ተቀምጧል።

«የሌሎቹ ኬላዎችስ?»

«አልመጣም።»

«መመሪያው ለሁሉም ነው ብለውኛል።»

«ለሁሉም ነው። ሌሎቹ ስልኩ ሲመጣ እንመልሳለን አሉ፤ እኛም ዝም አልን።»

«ልጄስ ብታስቀረው?»

ቁልፋቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ያን ቀን እኔም ጠይቄያታለሁ» አሉ። «‹አዲሱ ሳይመጣ ለምን ቸኮልሽ?› አልኳት። ‹እናቴ መልሺ ብላኛለች› አለችኝ። አዴ፣ አንቱን ልዋሽ አልችልም። ባትመልሰው ማንም አይጠይቃትም ነበር።»