ከውጭ የተቆለፈች ክፍል

በዓረብ አገር፣ ሰቢል በሚባል ሰፈር የነበረችንን ክፍል ሊያፈርስ ዶዘር ሲመጣ እኔ ውስጧ ነበርኩ። ጥፋቱ የጓጉንቸሩ ነው፤ የጓጉንቸሩን ዘዴ ያመጣሁት ደግሞ እኔው ነኝ።

አፈሳው በበረታበት በዚያ ሰሞን ክፍሏን ከምንጋራው ከሦስታችን ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የነበራት አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። እሷ ጠዋት ማዳሟ ቤት ለሥራ ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቆልፍብናለች። ፖሊስ ጓጉንቸሩን አይቶ ሰው የለም ብሎ ያልፋል። ሦስት ጊዜ እንዲያ አለፉን። "ወላሂ፣ ይሄ ጭንቅላት ለሹመት ነበር የተፈጠረው!" እያልኩ ስኩራራ፣ ሦስተኛዋ፣ እትዬ የምንላት ትልቋ የወሎ ሴት፣ "ጉራሽን ተይና ሽንኩርቱን ክተፊ" ትለኛለች።

ሰፈሩ አሮጌ ነው ተብሎ ሊፈርስ መሆኑን እናውቅ ነበር። ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። አከራያችን ግን "ገና ነው፣ አትስጉ" ብሎናል። እኔማ አዲሱን ቤት ለኛ የሚሰጡን ይመስል የመጋረጃ ቀለም ስመርጥ ነበር።

አንድ ረፋድ ዶዘሩ መጣ። ሠራተኞቹ ሰው መኖሩን ለማወቅ በየበሩ ያንኳኳሉ። የኛን ጓጉንቸር ነካ አድርገው አለፉ። አፋችንን ይዘን ሳቅን። የጎረቤታችን ግድግዳ ሲናድ ግን ሳቃችን ቀጥ አለ።

"እንጩህ!" አልኩ።

"ይይዙናል! ልጄ ዘንድሮ ትመረቃለች፤ ባዶ እጄን አገሬ ልግባ?" አለች እትዬ።

"ታዲያ ሬሳሽ ነው እንዴ የሚያስመርቃት?"

ደነገጠች። ከዚያ ከኔ ብሳ የጮኸችው እሷ ናት! ድስቱን በጭልፋ እየደበደበች ሰፈሩን አናወጠችው።

ዶዘሩ ቆመ። አንድ ሽማግሌ ፓኪስታናዊ ሠራተኛ ጓጉንቸሩን በመዶሻ ሰብሮ ሲያየን ራሱን ያዘ። ፖሊስ አልጠራም፤ "ያላ፣ ያላ!" ብሎ አስወጣን። አቧራ ለብሰን፣ ድስታችንን ታቅፈን ሮጥን።

ኑዝላ የሚባል ሰፈር ያሉ የአገር ልጆች ክፍላቸውን አካፈሉን። አንዷ አዲስ ጓጉንቸር እያሳየች "እዚህም ከውጭ ነው የምንቆለፈው፤ አትፍሩ" አለችን።

"እኔ ካለሁ ማንም አይቆልፍም" አለች እትዬ። "ከመጡ ራሴ እከፍትላቸዋለሁ።" እኔ በልቤ ተናደድኩባት።

በሳምንቱ ፖሊሶች መጡ። እኛ ተንጋግተን ሽንት ቤት ስንገባ እሷ ሻርፗን አስተካክላ ከፈተች። "ብቻዬን ነኝ" አለቻቸው፣ በሩንም ከኋላዋ ዘግታ አብራቸው ሄደች።

ልጇ የተመረቀች ቀን እትዬ ከአገር ቤት ደወለችልኝ።

"ባዶ እጄን ገባሁ" አለችኝ። "ግን ገባሁ።"