አዲሱ ጠፍር

አርብ ገበያ ላይ ጠፍር ሻጩ ፊት ቆሜያለሁ። በደንብ ያልደረቀው ቆዳ ሽታ ወደ አባቴ ቤት መለሰኝ።

ከዓመታት በፊት አንድ ቀን ታላቅ እህቴን ለትዳር ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። ወንድሜ በላይ አፉን አልፈታም፤ ቀኑን ሙሉ እየተወዛወዘ ያንጎራጉራል። ዛሬ ኦቲዝም እንደሚባል አውቃለሁ፤ ያኔ ስሙ ልክፍት ነበር። ልክፍት ካለበት ቤት ደግሞ ልጅ የሚያጭ የለም። ስለዚህ አባቴ ሁለት እጆቹን በአዲስ ጠፍር ጠፍሮ፣ ጋጣ ውስጥ ከጥጃዎቹ ጋር አሰረው።

አንደኛው ሽማግሌ ጠላቸውን እንደያዙ፣ “ወንድ ልጅ የለህም?” አሉት።

“እግዜር መቼ ሰጠኝ ብለው ነው!”

ወዲያው ከጋጣው የወንድሜ ማንጎራጎር ተሰማ።

“ጥጃ ነው” አለ አባቴ።

ሽማግሌው ዋንጫቸውን አስቀመጡ። “ጥጃ እናቱ ዘንድ ሲለቁት ዝም ይላል። ልቀቁት እንጂ።”

እናቴ አባቴን አየችው። ከተቀመጠችበት ግን አልተነሳችም።

እህቴ ተዳረች።

“ለጥጃ ነው የፈለግሽው?” አለኝ ጠፍር ሻጩ። ጠፍር ሳልገዛ ሄድኩ።

በላይ ጎልምሷል። ዛሬም እንግዳ ሲመጣ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ሁለት እጆቹን አጋጥሞ ጋጣ ይገባል።