ከሁለት ብልቃጥ አንድ ብልቃጥ

በጥቅምት መጀመሪያ ከምማርበት ከጀርመን አገር ተነሥቼ ቡሬ የወረድኩት፣ ክረምቱን እዚያ የከረሙ ሁለት ብልቃጦችን ላመጣ ነው። ውኃ ውስጥ አልሟሟ የሚል መድኃኒት አለ። ፖሊመር ከሚባል ሙጫ መሰል ነገር ጋር አቅልጬ ቶሎ ሳቀዘቅዘው እንደ መስተዋት ያለ ቁራጭ ይሆናል። ሁለቱ ተዋሕደው ከቆዩ ቁራጩ እንደጠራ ይቀራል፤ ከተለያዩ እንደ እርጎ ይነጣል። በብልቃጥ «ሀ» አንድ ዓይነት ፖሊመር፣ በብልቃጥ «ለ» ሌላ ዓይነት ያለባቸውን ቁራጮች ጨምሬ፣ አፋቸውን በሻሽ ሸፍኜ፣ የቡሬን እርጥበት የትኛው እንደሚችል ለማየት ሰኔ ላይ ለቄስ አጎቴ አደራ ሰጠሁ። የሦስት ዓመት ድካሜ እነሱ ውስጥ ነው።

ፍኖተ ሰላም፣ ስምንት ሰዓት

ረቡዕ ስለሆነ ምሳ ቤት የገባሁት ጾሜን ይዤ፣ ለማረፍ ብቻ ነው። በአውቶቡስ አብረውኝ የመጡ እናት ሽሯቸውን እየጠቀለሉ፣ «ቡሬ ምን አለሽ?» አሉኝ።

«መድኃኒት አስቀምጫለሁ።»

«ክረምቱን ሙሉ? በሽተኛው እኮ እስካሁን ወይ ድኗል ወይ ተቀብሯል።»

ከዚያ በሚኒባስ ማንኩሳን አለፍን። ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር አምስት ሆነን፣ እግራችንን የበቆሎ ጆንያ ላይ ሰቅለን ነበር። ኑጉ ቢጫ አብቧል።

ቡሬ፣ አሥራ አንድ ሰዓት

የአጎቴን መስቀል ተሳልሜ ገና ሳልቀመጥ ብልቃጦቹን ጠየቅሁ። አንድ ብቻ ይዘው መጡ።

«ሌላውስ አባ?»

«በኋላ በስልክ ‹ተዋሕደው ይክረሙ፣ ከተለያዩ ጠፋሁ› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ከሁለት ብልቃጥ አንድ ብልቃጥ አደረግኋቸው።»

ሻሹን ገለጥኩ። በብልቃጡ አፍ ሳይ ግማሹ የጠራ፣ ግማሹ የነጣ ነው። ስሠራቸው ግን ሁሉም አንድ መልክ ነበሩ።

«እኔ ያልኩት መድኃኒቱና ፖሊመሩ እንዳይለያዩ ነው እንጂ ብልቃጦቹን አይደለም። አሁን ተቀላቅለው የትኛው የማን እንደሆነ በምን ልወቅ?»

አጎቴ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ተቀላቅለው አልሽ? ተዋሕዶ እኮ ያለ መቀላቀል ነው፤ ይኼን ሳታውቂ ነው ባሕር የተሻገርሽው?»

ቁራጮቹን ነጭ ወረቀት ላይ ዘረገፏቸው። በጠሩት ሁሉ ወገብ ላይ ጥቁር ክር ታስሯል።

«የ‹ለ›ዎቹን ማተብ አስሬላቸው ነው ያስገባኋቸው» አሉ። ቀጥለውም የነጡትን በጣታቸው ገፋ አድርገው፣ «ማተብ የሌለው ከዳ።»

«ፖሊመሩ ነው አባ።»

«እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩ።»

እንባዬን ሳልጠርግ ሳቅሁ።

ጀርመን

በሰላም ተመልሼ ክፍሌ ገባሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አደራ ስሰጥ ቃሌን በወረቀት ጽፌ፣ ተቀባዩ አንብቦ መልሶ እንዲያስረዳኝ ጠይቄ መሆን እንዳለበት ተምሬያለሁ። መምህሬ ግን ሁሉም በአንድ ብልቃጥ፣ በአንድ እርጥበት መክረማቸውን እጅግ ወደደው። ከዚያ ክሩን አየና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ።

«መለያ ምልክት» አልኩት። አንገቴ ላይ ያለውንም ቢጠይቀኝ ያንኑ እመልስለት ነበር።