የኔታ ያነበቧት መስመር

ባለፈው ጥቅምት፣ ቅጠሉ ረግፎ ሳያልቅ፣ ከማላውቃት ልጅ መልእክት ደረሰኝ። ጀርመን አገር ለዶክትሬቷ የምታጠና ተማሪ ናት። በወጣትነቴ የጻፍኩትን የማስተርስ ጽሑፍ ከየት እንዳገኘችው እንጃ፤ እኔ ራሴ ከገለጥኩት ብዙ ዓመት ሆኖኛል። «በኅዳጉ ላይ ያለውን የግእዝ መስመር ከእርስዎ በፊት ያነበቡት ሁሉ ተሳስተዋል። እርስዎ እንዴት ደረሱበት?» ትላለች። የምሳ ሰዓት ነበር። ሳህኔ ፊት ለፊቴ ቀዘቀዘ።

ስቶክሆልም የገባሁት በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ ታሪክ ልማር ነው። ኪስታ ውስጥ ወጥ ቤቱን ለስምንት የምንጋራው የተማሪ መኖሪያ ነበረኝ። የማጠናው አሥራ ስድስተኛውን መቶ ዓመት ነበር። የአውሮፓ መርከቦች ዓለምን መዞር የጀመሩበት፣ ፖርቱጋሎች ክርስቲያን ንጉሥ አለበት የተባለውን የእኛን አገር ፍለጋ የወጡበት ዘመን ነው። የእኔን ልብ የገዛው ግን የተገላቢጦሹ መንገድ ነበር፤ ከእኛ አገር ተነሥተው፣ በኢየሩሳሌም በኩል አድርገው ሮም የገቡት መነኮሳት። እዚያ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ቤት ተሰጥቷቸው ይኖሩ ነበር። የአውሮፓ ሊቃውንት ስለ ኢትዮጵያ ማወቅ ሲፈልጉ በራቸውን ያንኳኩ ነበር። ግእዙን ከእነርሱ ተማሩ፣ የወንዙንና የተራራውን ስም ከእነርሱ ጠየቁ። መጽሐፉ ሲወጣ ግን ላዩ ላይ የሚታተመው አብዛኛውን ጊዜ የጠያቂው ስም ነው። ጽሑፌ ይህን የሚወቅስ ነበር። በብዙ ቁጣ ጻፍኩት። በዚያ ዕድሜ ለሞቱ ሰዎች መቆጣት ይቀላል።

አንድ ነገር ግን አላራምድ አለኝ። ከመነኮሳቱ አንዱ በአንድ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ የጻፋት አጭር መስመር ነበረች፤ የያዝኩት ፎቶዋን ነው። መካከሏ ላይ ውኃ ይሁን ሰም ፈሶባት ደብዝዛለች። የቀደሙት ተመራማሪዎች «አገራችንን ረሳን» ብለው ተርጉመዋታል። መነኮሳቱ ሮምን ለምደው፣ ተደላድለው፣ መመለስ እንዳልፈለጉ ማስረጃ ተደርጋ ትጠቀስ ነበር። አልዋጥልሽ አለኝ፤ የእኔ ግእዝ ደግሞ የዳዊትን ያህል እንኳ አይዘልቅም። በቤተ ክርስቲያን የማውቃት አንዲት ሴት «እዚሁ ከከተማው ዳር፣ ቬሊንግቢ፣ የኔታ ላቀው አሉልሽ አይደል» አለችኝ።

የኔታ ላቀው ጎጃም ውስጥ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸውን ተከትለው መጥተው ባቡር ማጽዳት ከጀመሩ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነበር። ከንጋት ጀምረው ሠርተው፣ እኩለ ቀን ላይ ቤታቸው ይገባሉ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን የካቲት ነበር፤ በረዶው በእግረኛው መንገድ ላይ ጠጠር ከተበተነበት በኋላ የሚያሰማው የመፈጨት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ባዶ እጄን ላለመግባት ከቬሊንግቢ መሐል ከተማ ክሬም የሞላባቸው ሴምላ የሚባሉ ኬኮች ገዛሁ። የኔታ ሣጥኑን ከፍተው አይተው ሳቁ።

«እነዚህ ሰዎች ጾም ሲገባ ክሬም ይበላሉ። እኔስ እሺ፣ አንቺን ምን ነካሽ?»

ዐቢይ ጾም መግባቱን ረስቼ ነበር። ኬኩን የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው ጽዮን ወሰደችው። አባቷ በአማርኛ ይጠይቋታል፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልሳለች። ባቡር የሚያጸዳ አባት ስላላት የምታፍር ትመስል ነበር። ለእኔ የኔታ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ፣ ደረቁን የስዊድን ዳቦ ሰባብረው በሱፍ ፈትፍተው አቀረቡልኝ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው፣ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት።

ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ተከተሉ። መጨረሻ ላይ «ግሡ ጠፍቷል፤ መጀመሪያው ረ፣ መጨረሻው ነ ብቻ ይታያል። እነርሱ ‹ረሳዕነ› ብለው ሞልተውታል» አሉ። «ቀጥሎ ያለችውን ግን እያት። ‹ሀገረነ› ትላለች?»

«እንደዚያ ነው ያነበቡት።»

«ረ አይደለችም፣ ር ናት። ‹ሀገርነ›። በግእዝ የምትረሳው ‹ሀገረነ› ትባላለች፤ እንግዲህ አገሪቱ የተረሳች ሳትሆን የረሳች ናት ማለት ነው። ‹ረስዐተነ ሀገርነ›። አገራችን ረሳችን።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ደግሞስ ሰው አገሬን ረሳሁ ብሎ ይጽፋል? የረሳ ሰው ምን ብሎ ይጽፋል?»

ከዚያ በኋላ መስኮቱን ሲያዩ ቆዩ። እኔ ግን እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኜ ጽሑፌ ነፍስ ሲዘራ ይሰማኝ ነበር። በመጋቢት ለመምህሮቼና ለጓደኞቼ እንደማቀርበው ስነግራቸው፣ «መጥቼ ብሰማ ይከፋሻል? የትምህርት ቤት ደጅ መርገጥ አምሮኛል» አሉኝ። ደስ እንደሚለኝ ነገርኳቸው፤ እውነቴን ነበር።

በቀኑ በረዶ ባቡሮቹን አዘግይቶ ኖሮ ሥራቸው ረዝሞባቸው በቀጥታ ነው የመጡት። ብርቱካንማውን የሥራ ሰደርያ እንደለበሱ፣ በሩ ላይ ቆመው ጫማቸውን ደጋግመው ይጠርጉ ነበር። ጽሑፌን የምታማክረኝ ፕሮፌሰር ወደ እኔ ጎንበስ ብላ «ሰውየው የሚፈልጉት ሰው አለ?» አለችኝ። ክፍሉ ሁሉ ያያል።

«የማውቃቸው ሰው ናቸው። ለመስማት ነው የመጡት» አልኩ።

ከዚያች ዓረፍተ ነገር በኋላ የቀረው ሁሉ ቁልቁለት ነበር። የኔታ ከኋላ፣ ማሞቂያው አጠገብ ተቀመጡ። እኔ በእንግሊዝኛ አቀረብኩ። ግእዙን ሳነብ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አያለሁ። ስጨርስ ፕሮፌሰሯ «ይህን ሁላችንም አልፈነዋል። እንዴት አየሽው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጣቴን ወደ ኋላ ብቀስር ይበቃ ነበር። «ፊደሏን ደጋግሜ አተኩሬ ሳያት ነው» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። የኔታም አጨበጨቡ።

አብረን ወደ ባቡር ጣቢያው ወረድን። መንገዱ ቀልጦ ጨቅይቷል።

«አነባበብሽ ጥሩ ነበር፤ አልሳትሽም» አሉኝ። ትንሽ ሄደን፣ «ስሜን ስትጠሪ ግን አልሰማሁም። በእንግሊዝኛ ሲሆን አጠራሩ ይለወጣል መሰለኝ።»

«አዎ፣ የኔታ። ይለወጣል። ጠርቻለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ለጽዮን እነግራታለሁ።»

ጽሑፉ በሰኔ ሲጠረዝ ምስጋናው ገጽ ላይ ፕሮፌሰሯን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ጓደኞቼን ጻፍኩ። የኔታን ብጽፍ «ለካ እሳቸው ናቸው ያነበቡት» መባሉ አይቀርምና ዘለልኳቸው። አንድ ቅጂ እንድሰጣቸው ለምነውኝ ነበር። ቬሊንግቢ ሄጄ በበሩ የፖስታ ቀዳዳ አስገብቼ ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲያ ቤታቸው አልሄድኩም። ስልክ ሲደውሉ ሥራ በዛብኝ እላለሁ፤ እየቆየ መደወሉም ቀረ። ከአራት ዓመት በኋላ ማረፋቸውን ሰማሁ። ለቅሶ አልደረስኩም። ምን ብዬ ሚስታቸው ፊት እቀመጣለሁ?

እንግዲህ የጀርመኗን ልጅ መልእክት እንዳነበብኩ፣ መልስ ከመጻፌ በፊት ጽዮንን ፈለግኩ። ከስቶክሆልም ሰሜን፣ ሶለንቱና ውስጥ ነርስ ሆና ትሠራለች። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለች ካፌ ተገናኘን። እኔ በአማርኛ ስናዘዝ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እንደ ልጅነቷ በስዊድንኛ መለሰችልኝ።

«አውቃለሁ። አባዬ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ስሜን አሳዪኝ አለኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፈለግኩ። የለም አልኩት።»

«ምን አሉ?»

«ማተሚያ ቤት ስም መጣል ልማዱ ነው አለ። እሷ ጠርታኛለች፣ እዚያው ነበርኩ አለ።» ስኒዋን ትንሽ አዟዟረች። ከዚያ በአማርኛ፣ ቃላቱን እየፈለገች፣ «አምኖ ነው ወይስ ለአንቺ ብሎ፣ አላውቅም» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ለተማሪዋ ጻፍኩላት። መስመሯን ያነበቧት መሪጌታ ላቀው እንደሆኑ፣ እኔ ከእሳቸው ወስጄ ዝም እንዳልኩ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። አመስግና በግርጌ ማስታወሻዋ ስማቸውን እንደምታሰፍር መለሰችልኝ። ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። ዛሬ እውነቱን መናገር ምንም አያስከፍለኝም፤ የሚቀየመኝ ሰው የለም። ያኔ በዚያ ጭቃማ መንገድ ላይ «አልጠራሁም፣ የኔታ» ብዬ ቢሆን ይቀየሙኝ ነበር፤ ምናልባት አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ እስከ ፋሲካ። ከዚያ እንደማውቃቸው፣ ደውለው «ሌላ የምናነበው አለሽ?» ይሉኝ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ከተማ፣ በአንድ አውቶብስ መንገድ ርቀት ኖረን፣ ያን ጥያቄ ሳልሰማው ቀረሁ።