የዘሐራን ማሽን የማጠፋው እኔ ነበርኩ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ከሶላት በኋላ እጄን ዘርግቼ ስለምን እንኳ እዚች ነገር አጠገብ እደርስና ዘልዬያት አልፋለሁ፤ አላህ የማያውቃት ይመስል። ዛሬ ግን ልናገር። የዘሐራን ማሽን የማጠፋው እኔ ነበርኩ። አዲሱ ኪቦርድ አልነበረም። መብራት አልነበረም። የየሺ ዓይንም አልነበረም። እኔ ነበርኩ፣ እኔ ሰይድ፣ ከወንበሬ ሳልነሳ።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ የደሴ ወልድያ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ አጎቴ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረው። ዘሐራ የቤቱ ጸሐፊ ነበረች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ ነበር የምላት። አቤቱታ የሚያስጽፍ ገበሬ፣ የሠርግ ካርድ የሚያሠራ ሙሽራ፣ ለመመረቅ የደረሰ ተማሪ፣ ሁሉም የሚጠይቀው እሷን ነው። ከአምባሰል ተሳፍሮ የመጣ ሰው እንኳ እሷን ካጣ «ኋላ እመለሳለሁ» ብሎ ይወጣል። ከሰው ጋር እየተጫወተች፣ ኪቦርዱን ሳታይ ትጽፍ ነበር። እኔ ማሽኖቹን እጠግናለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። ተስማምተን እንሠራ ነበር። እውነቴን ነው፣ እወዳትም ነበር።

አንድ ቀን አጎቴ ጠራኝና «እኔ ኮምቦልቻ ልወርድ ነው፤ ቤቱን ዘሐራ ትይዘዋለች፣ አንተ ታግዛታለህ» አለኝ። እኔ የእህቱ ልጅ! እሺ አልኩት። አፌ እሺ አለ፣ ሆዴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እሺ ብሎ አያውቅም። ዘሐራ ምን በደለችኝ? ምንም። ይህን ደጋግሜ ራሴን ጠይቄዋለሁ። ቤቱን ፈለግኩት፣ በቃ።

በዚያው ሰሞን አጎቴ አዳዲስ ኪቦርዶች አስመጣ። አሮጌዎቹ ፊደላቸው ተፍቆ አልቆ ነበር፣ ለዘሐራ ግን ፊደል ምኗ ነው? ጣቶቿ መንገዱን ያውቁታል። አዲሶቹ ጠፍጣፋ ነበሩ፤ ቁልፎቻቸው የተጠጋጉ፣ ግማሾቹም ቦታ የቀየሩ። ከላይ ጥግ ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩን የምታጠፋ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ነበረቻቸው። የእሷ ጣት በሁለት ቁልፍ መሐል እየወደቀ ተቸገረች። «ሰይዶ፣ አሮጌዬን መልስልኝ በአላህ» አለችኝ። «ተበላሽቷል እትዬ» አልኳት። አልተበላሸም። ጠረጴዛዬ ሥር ካርቶን ውስጥ ነበር።

ማሽኖቻችን የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባል፣ ቫይረስ በማይደፍረው ፕሮግራም ነው፤ አጎቴ በቫይረስ ሲማረር እኔ ነኝ የጫንኩለት። እርስ በርሳቸውም በገመድ አገናኝቻቸዋለሁ። ቤት ስንዘጋ በየጠረጴዛው ከመዞር ብዬ ሁሉንም ከራሴ ወንበር ሆኜ አጠፋቸው ነበር። አንዲት ጥቁር መስኮት እከፍታለሁ፣ የዚያኛውን ማሽን አድራሻ እጽፋለሁ፣ የይለፍ ቃሉን አስገባለሁ፣ ከዚያ አንዲት አጭር የማጥፊያ ትእዛዝ። ወዲያ ማዶ ያለው ማሽን ማንም ሳይነካው ድርግም ይላል። ለበጎ የተማርኩት ነገር ነበር።

አሁን የሺን ላስተዋውቃችሁ። የሺ ከቤታችን ጎን ዓሣ ትጠብስ ነበር። ክርስቲያን ናት፣ የዘሐራ የልብ ወዳጅ። ዘሐራ ስትወልድ ገንፎዋን ያገነፋችላት እሷ ናት። ሥጋ የእስላም የክርስቲያን ይባላል፤ ዓሣ ግን ይህ የለበትም፤ ስለዚህ ሁለቱ ምሳቸውን ከአንድ ሳህን ይበሉ ነበር። የሺ አንድ ሳህን ዓሣ ይዛ ትገባለች፣ ዘሐራ እጇን ትታጠባለች፣ ይሳሳቃሉ። እኔንም ያጎርሱኛል። በልቻለሁ። ከዚያ ሳህን ስንት ጊዜ በልቻለሁ!

አዲሱ ኪቦርድ በገባ ሰሞን የሺ በሩን ተደግፋ ዘሐራ ስትጽፍ ታያለች። ኪቦርዱ ቢያስቸግራትም ዘሐራ ያው ዘሐራ ነበረች። «ውይ ጣት! እስጢፋኖስን፣ እንደ በረዶ እኮ ነው የምታወርጂው!» አለች የሺ። ዘሐራ ሳቀች። እኔ ደግሞ ጥቁሯን መስኮት ከፍቼ፣ ትእዛዟን ጽፌ፣ ጣቴን አንዷ ቁልፍ ላይ አሳርፌ ተቀምጫለሁ። ተጫንኩ።

«ያ አላህ! ምን ነካሁ? ሰይዶ፣ ምን ነካሁ?»

ተነሥቼ ሄድኩ። አጎንብሼ መረመርኩ፤ አዎ፣ መረመርኩ! ከዚያ ጥጉ ላይ ያለችውን ቁልፍ አሳየኋት። «ይቺን ነክተሽ ነው እትዬ፤ አብሽሪ፣ እስክትለምጂው ነው» አልኳት። ያቺን ቁልፍ ኪቦርዱ በገባ ዕለት እኔው እንዳትሠራ አድርጌያት ነበር። ዘሐራ ቀኑን ሙሉ ብትጫናት ማሽኑ አይጠፋም። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቂም ነው፣ ንዴት ነው እል ነበር። አንድ ጊዜ አልነበረም። በገበያ ቀን፣ ሰው በተሰለፈበት አጠፋሁት። አጎቴ ከኋላዋ ቆሞ እያየ አጠፋሁት። የጻፈችውን ሳታስቀምጥ የቆየችበትን ሰዓት እየጠበቅኩ አጠፋሁት። ማሽኑ በራሱ የሚያስቀምጠውን ቅጂ እንኳ አስቀድሜ አስቀርቼዋለሁ፤ የጠፋባት ሁሉ እንደጠፋ እንዲቀር። አንድ ቀን ላቧን በሻርፗ ጠርጋ «ቢስሚላህ» ብላ ስትጀምር ሰማኋት። ሰምቼ አጠፋሁት። ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ?

 ያቺ ሳታይ የምትጽፍ ሴት ምስር እንደሚለቅም ሰው ፊደል በፊደል እየፈለገች ትነካካ ጀመር። ደንበኛው ያጉረመርማል። አጎቴም «አንተ ያዘው እስቲ» ማለት አመጣ። አሳዘነችኝ ወይ? አዎ፣ አሳዝናኛለች። ማዘኔ ግን ጣቴን አልከለከለውም።

እናቷ ነገሩን ሲሰሙ «ይኼ ዓይን ነው» አሉ። እዚህ አገር የሰው ነገር አይቶ የሚያደንቅ ማሻአላህ ይላል፣ ክርስቲያኑም ቸር ዓይን ይይሽ ይላል። ሳይሉ ማድነቅ ያስፈራል። ዘሐራ በማግስቱ ወንበሬ አጠገብ መጥታ ቆመች።

«ሰይዶ፣ መጀመሪያ የጠፋ ዕለት ማን ነበር እዚህ?»

ያኔ ማቆም እችል ነበር። «ተዪው እትዬ፣ ማሽኑ ነው» ብላት ያልቅ ነበር። እኔ ግን «እትዬ የሺ ነበረች» አልኳት።

«ማሻአላህ ብላ ነበር? ቸር ዓይን ይይሽ ብላለች?»

«አላለችም።»

አያችሁ፣ ውሸት የለበትም! ለብዙ ጊዜ ራሴን በዚህ አጽናንቻለሁ። የሺ ነበረች፤ አላለችምም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ያቺ ቃል ከእኔ አፍ ወጥታ የት እንደምትደርስ አላወቅኩም ብል ግን ማን ያምነኛል? ሐይቅ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ።

በዚያን ቀን የሺ የዓሣ ሳህኗን ይዛ ገባች። ዘሐራ ጠግቤያለሁ አለቻት። ከዚያ ሁለት እጇን ሻርፗ ውስጥ ደበቀች። የሺ የተደበቀውን እጅ ዐየች፣ ገባት። «እኔን? ዘሐራዬ፣ እኔን ነው?» አለች። ዘሐራ አንገቷን ደፋች። የሺ ሳህኗን እንደያዘች ወጣች። እኔ ፎቶ ኮፒ አነሳ ነበር። ማንሣቴን አላቆምኩም።

ወሬው መንገዱን ተሻግሮ ገበያ ገባ። ልጅ ያዘሉ እናቶች በየሺ ደጅ ሲያልፉ የልጃቸውን ፊት ይሸፍኑ ጀመር። ዓይኗ ከሚፈራ ሰው እጅ ማን ምግብ ይበላል? ምጣዷ ላይ ዓሣው እያደረ መጣ፣ በኋላም ቤቷን ዘግታ ቀረች። ዘሐራም ሥራውን ተወች። ቤቱን እኔ ያዝኩት። እስከዛሬ ይዤዋለሁ፤ ልጆቼን የማበላው ከእሱ ነው።

ዘሐራ ዐረብ አገር ልትሄድ ስትል አፉታ ልትጠይቅ መጣች። መንገደኛ ሲወጣ የበደለውን ሁሉ ዞሮ አፉ በሉኝ ይላል፤ ልማዳችን ነው። በሩ ላይ ቆማ «ሰይዶ፣ መንገድ ነኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ማሽንህን እያጠፋሁ ከደንበኛ አጣላሁህ። አፉ በለኝ» አለችኝ።

«አፉ ብያለሁ» አልኳት። «አላህ ያግራልሽ።»

እኔ እሷን ይቅር አልኳት! የራሴን ወንጀል ለእሷ ይቅር አልኳት! «አንቺም አፉ በይኝ እትዬ» ስላት ሳቀች፤ «አንተማ ምን በደልከኝ? አፉ ብያለሁ» አለችኝ። ይህ ይቆጠርልኝ ይሆን? ያላወቀችውን በደል አፉ ብትል ከትከሻዬ ይወርዳል? ሼህ ጠይቄ መረዳት እችል ነበር። ለመጠየቅ መናገር አለብኝ፣ ለመናገር ፈራሁ። ቤቱን ማጣት ፈራሁ፣ ልጆቼ ሲሰሙ ማየት ፈራሁ።

እናንተን አፉ በሉኝ አልላችሁም። የሰው ሐቅ ባለቤቱ ካልተወው አይወርድም፤ ሐቁ ደግሞ የእናንተ አይደለም። አንዷ ባለቤት ባሕር ማዶ ሰው ቤት ትሠራለች። አንዷ እዚሁ ከተማ፣ በእግር የምደርስበት ቤት አለች። በእግር! እስከዛሬ አልሄድኩም።

ከትናንት በስቲያ የሺ ራሷ መጣች። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ ዓይኗን መሬት መሬት አድርጋ። ይህን ደጅ ከተወች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። «ወደ አንተ የመጣሁት» አለችኝ፣ «አንተ አንድ ቀን እንኳ ፊትህን አዙረህብኝ ስለማታውቅ ነው።» እውነቷን ነው። መንገድ ላይ ሳገኛት ዓይን ዓይኗን እያየሁ ሰላም የምላት እኔ ብቻ ነበርኩ። እንደማልፈራት አውቃለች። ለምን እንደማልፈራት አታውቅም።

ስልኳን ሰጠችኝ። ልጇ ወልድያ ወልዳ የሕፃኑን ፎቶ ልካ ኖሮ፣ አያቱ፣ የእሷ ባል፣ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ እንዲያየው ላትምላት ነው። አተምኩት። ጥቁር ፀጉሩ ግንባሩ ድረስ የወረደ፣ ጡጫውን የጨበጠ ልጅ ነው። ላቀብላት ዘወር ስል ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ቆማለች።

«አይ፣ እኔ አላየውም» አለች። «የሰው ልጅ ማየት ከተውኩ ቆየሁ። ይኼ ደግሞ የልጄ ልጅ ነው፤ አንድ ነገር ቢሆንብኝስ? አንተ እይልኝ። ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ እትዬ የሺ።»

«ማንን ይመስላል?»

«አንቺን።»

ፊቷን ሳታዞር፣ መንገዱን እያየች ፈገግ አለች። ፎቶውን ፖስታ ውስጥ አድርጌ አሸግኩላት። ያኔ መናገር ነበረብኝ። በሩ ክፍት ነበር፣ ሌላ ሰው አልነበረም፣ እሷም አልቸኮለችም። ፖስታውን ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛ መረቀችኝ።

«እጅህ ይባረክ» አለችኝ።

አሜን አልኳት።