ከዋቤ ወዲህ የቀረሁ ቀን

«ከዛሬ ጀምሮ አፍሽ ያንቺ አይደለም» አሉኝ አለቃዬ ጓድ ደምሰው፣ ፊት ለፊቴ ቆመው። አሰላ፣ ሥራ የጀመርኩበት ቀን ነበር። ስድብ መስሎኝ ልመልስላቸው ስል ቀጠሉ፤ «ፈረንጁ ‹ርቦኛል› ካለ ‹ርቦታል› እንዳትዪ። ‹ርቦኛል› በዪ። የሚሰማሽ ሰው አንቺን ሳይሆን እሱን ይስማ።»

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ጮሌ ከተማ፣ እናቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። እንግሊዝኛዬ ደህና ነው። ኦሮምኛ ከሰፈርና ከገበያ የመጣ እንጂ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ወደ ገጠር ከሚወጡ እንግዶች ጋር የሚሄድ አስተርጓሚ ይፈለጋል ሲባል ተወዳደርኩ፣ አለፍኩ፣ አሰላ አንዲት ክፍል ተከራየሁ።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለምትገቡ የማውቀውን ልንገራችሁ። በሁለት ተነጋጋሪዎች መሃል አትቁሙ፤ ከጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ ሁኑ። ማስታወስ ካልቻላችሁ አስቁሙና አስደግሙ፤ ማፈር የለም። አትጨምሩ፣ አትቀንሱ። ምሳችሁን ቀደም ብላችሁ ብሉ፤ ሰው ጨዋታ የሚደራለት ሲበላ ነው፣ ያኔ እናንተ ሥራ ላይ ናችሁ። የምሳውን የነገረኝ የለም። የቀዘቀዘ ወጥ እየበላሁ ነው የተማርኩት።

ሌላም ያልነገሩኝ ነገር ነበር። ቀኑን ሙሉ «እኔ» ስል እውላለሁ። እኔ ገበሬ ነኝ፣ እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ፣ እኔ ሁለት ሚስት አለኝ። ማታ ክፍሌ ስገባ ግን እንዴት ዋልሽ የሚለኝ የለም። ቢኖርስ ምን ልለው? የዋልኩት የሰው ውሎ ነው።

አንድ ጥቅምት ስድስት ፈረንጆች በዋቤ ወንዝ በጎማ ጀልባ ሊወርዱ መጡ። የጀልባው አዛዥ ፒተር የሚባል ቀይ ፂም ያለው ሰው ነው። ፈቃዳቸው ወንዙን ወርደው፣ መንገድ ላይ አዲሱን መንደር ጎብኝተው፣ ማታ ታችኛው ድልድይ እንዲደርሱ ነው። ጓድ ደምሰው በመኪና ዞረው እዚያ ሊጠብቁን ሆነ።

«ከዓይንሽ እንዳይጠፉ» አሉኝ። «እነሱ ጀልባ ላይ ከሆኑ አንቺም ጀልባ ላይ ነሽ።»

«ዋና አልችልም እኮ።»

«ዋና ማን ጠየቀሽ? አስተርጉሚ ነው ያልንሽ።»

ጀልባው እንደ ጆንያ ተጠቅልሎ መጥቶ በእግር ፓምፕ ተነፋ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የመንሳፈፊያ ጃኬትና አንድ መቅዘፊያ ተሰጠ። የምንቀመጠው ጠርዙ ላይ ነው፤ እግር ወለሉ ላይ ባለው ማሰሪያ ሥር ይሰካል። ፒተር ከኋላ ሆኖ «ቅዘፉ!» ሲል መቅዘፍ፣ «አቁሙ!» ሲል ማቆም፣ «ውረዱ!» ሲል ወለሉ ላይ ዝርግፍ ማለት። በቃ፣ ትምህርቱ ይኼው ነው።

ውሃው ከድንጋይ ጋር ሲላተም ፈረንጆቹ በደስታ ይጮሃሉ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ማሰሪያውን አጥብቄ እይዛለሁ። ውሃው ጋብ ሲል ደግሞ በመቅዘፊያ ይረጫጫሉ። እኔን የረጨኝ የለም። ማክበራቸው ነው መሰለኝ። ወንዝ ላይ የሚተረጎም ነገር ስለሌለ ጠዋቱን ሙሉ ማንም አንድ ቃል ሳይተነፍስልኝ አረፈድኩ።

ቀትር ላይ ጀልባውን ከዛፍ አስረን ዳገቱን ወጣን። አዲሱ መንደር ቤቶቹ እንደ ተማሪ በሰልፍ የቆሙ ናቸው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ወጣት ሰው፣ በአማርኛ ንግግር አደረገ። «እኔ በተበታተነ ኑሮ ተቸግሬ ነበር፤ አሁን ተሰባስቤ ደስ ብሎኛል» አልኩ በእንግሊዝኛ። ፈረንጆቹ አጨበጨቡልኝ።

ከሰዎቹ መካከል ሲንቄያቸውን የያዙ አንድ አሮጊት ቆመው ነበር። ሲንቄ አርሲ ውስጥ እናት ለምትዳር ልጇ የምትሰጣት ቀጭን ዘንግ ነው። አዴ መርየማ ይባላሉ፤ አዴ እናትን በአክብሮት መጥሪያ ነው። አንዲት ፈረንጅ ስንት ልጆች እንዳሏቸው አስጠየቀችኝ።

«አምስት ወልጄ አንዲት ቀረችልኝ» አሉ በኦሮምኛ። «ማዶ ናት፣ ባሌ አገር። ድሮ ቤቴ እታች ዳር ላይ ነበር። ከደጄ ቆሜ ስጣራ ከደጇ ትመልስልኛለች። ወደዚህ ካወጡን ወዲህ ድምፄ አይደርስም። የግንድ ድልድዩንም ክረምቱ ወሰደው። የበኩሯን መውለዷን በሰው በሰው ሰማሁ። በአራስነቷ ማን እንዳረሳት እንኳ አላውቅም።»

ሊቀመንበሩ ጠጋ አለኝ። «ይሄ ይዘለል።»

«አልፏል» አልኩት። አስተርጉሜ ጨርሼ ነበር።

አዴ መርየማ ቀና ብለው «እናት አለሽ?» አሉ። ወደ ፈረንጇ ዞሬ ጠየቅኋት። ፊቷ ጠቆረ፤ መለሰችልኝ።

«እናቴ ሞታለች» አልኩ።

አሮጊቷ ጉንጬን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ውይ ልጄን! መቼ?»

«መቼ?» ልል ወደ ፈረንጇ ዞርኩና ቆምኩ። «የሷ ናት የሞተችው፣ የኔ አይደለችም» አልኳቸው።

«እሷን ማን ጠየቀ? አንቺን ነው የጠየቅኩሽ።»

«እኔን?»

«ከመጣችሁት መሃል ሌላ በአፌ የሚያናግረኝ ማን አለ?»

ይህ ሥራ ላይ ገጥሞኝ አያውቅም። «አለች» አልኩ። «ጮሌ።»

«መቼ አየሻት?»

«ለፋሲካ።»

«በመሃላችሁ ወንዝ አለ?»

«የለም። መኪና አለ።»

በሲንቄያቸው ወደ ታች፣ ወደ ጀልባው አመለከቱ። «በያቸው፣ ያሻግሩኝ።»

«አሻግሩኝ» አልኩ በእንግሊዝኛ።

ፒተር ወርዶ ውሃውን አየው። «ይቻላል። ግን ወራጁ ኃይለኛ ነው፣ አንዴ ማዶ ከደረስን ወደዚህ ተመልሰን አንመጣም። ጃኬቱ ደግሞ በሰው ቁጥር ልክ ነው። ያለ ጃኬት እናቴንም አልጭን።»

ሊቀመንበሩ በበኩሉ «ለጀልባው የተፈቀደላችሁ እነሱና አንቺ ናችሁ። እሷ የለችበትም» አለ።

ሁሉንም ለሁሉም አስተረጎምኩ፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ሁሉም አፍ አፌን ያያል፣ የሚቀጥለው ሰው ምን እንዳለ ልነግረው። የሚቀጥል ሰው ግን አልነበረም።

«የኔን ጃኬት ትልበሰው» አልኩ።

«ማን ነው ያለው?» አለ ፒተር። «ሰውየው ነው ሴትዮዋ?»

«እኔ።»

«እሱን ገባኝ፣ ግን ማን?»

«እኔ ነኝ የምልህ! እኔ ራሴ!»

ለሊቀመንበሩም በአማርኛ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ኋላ ጣጣ አለው።»

«አለው» አልኩት።

ጃኬቱን አውልቄ አዴ መርየማን አለበስኳቸው። ፒተር ዘንጉ ጎማውን ይወጋል ብሎ ተቃወመ። እሳቸው ደግሞ ያለ ሲንቄ አራስ ልጄ ዘንድ አልሄድም አሉ። ነጠላዬን ጫፉ ላይ ጠቅልዬ አሰርኩት፤ ሁለቱም ተስማሙ። እኔ በነበርኩበት ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እግራቸውን ማሰሪያው ሥር ሰካሁላቸው።

ወራጁ ወስዶ ወስዶ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ በላይ ማዶ አደረሳቸው። ሁለት ፈረንጆች ደግፈው አወረዷቸው። ነጠላዬ እንደታሰረ ሲንቄያቸውን አንድ ጊዜ ወደ ላይ ከፍ አድርገው ዳገቱን ያዙ። ጀልባው ታጠፈና ከዓይኔ ጠፋ። ቦርሳዬ ውስጡ ነበር፣ ምሳዬም ጭምር።

በእግር፣ ከዚያም እህል በጫነ መኪና የአርሲዋ ሮቤ ደርሼ፣ በማግስቱ አሰላ ገባሁ። ቦርሳዬ ጓድ ደምሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

«ስድስት ፈረንጅ ያለ አስተርጓሚ ድልድይ ላይ ደረሰልኝ። ማን ፈቀደ?»

«እኔ።»

«አንቺ አትፈቅጂም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። «ስሚኝ፣ ሊቀመንበሩ ነው ያዘዘኝ በዪ፣ እዚሁ ይለቅ። ነገ ሥራሽ ላይ ነሽ።»

«እሱ አላለም።»

«ማን ይጠይቀዋል?»

«አላለም፣ ጓድ ደምሰው።»

አስተርጓሚ ሰው ያላለውን አለ አይልም። ይህንን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

የሥራ መታወቂያዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ቦርሳዬን አንስቼ መናኸሪያ ወረድኩ። የጮሌ መኪና አንድ ሰው ጎድሎት ቆሞ ነበር። ገባሁ፤ ተነሳን።